የዜና መረጃ ቋት

የዜና መረጃ ቋት ከጋዜጦች፣ ከመጽሔቶችና ከዜና ወኪሎች የተሰበሰቡ ጽሑፎች በቀን፣ በጸሐፊ፣ በርዕስና በቃል እንዲፈለጉ ሆነው የተከማቹበት የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ለአቅራቢው ድርጅት ክፍያ እየፈጸሙ ለአንባቢዎቻቸው ይከፍቱታል። ከታወቁት መካከል ፋክቲቫ፣ ኒውስባንክና ፕሮኩዌስት ይገኛሉ፤ ኦልአፍሪካ ደግሞ የአፍሪካን ዜና ከብዙ ምንጮች ይሰበስባል። አንባቢው አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በተቋሙ ኔትወርክ ወይም በይለፍ ቃል ነው።

የቦታ ስም

መረጃ ቋት የሚያነጻጽረው የተጻፈውን ፊደል እንጂ ትርጉሙን አይደለም። ስለዚህ ስማቸው ስለተለወጠ ወይም በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ ቦታዎች የሚደረግ ፍለጋ በአንድ ቃል አይሟላም። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና አገር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ካሉባቸው ከተሞች አንዷ የሆነችው ሚዛን ተፈሪ፣ ከአማን ጋር ተዳምራ ሚዛን አማን ትባላለች። ቴፒ «ተፒ» ተብላም ትጻፋለች። በእንግሊዝኛ ጋዜጦች «ከፋ» አንዳንዴ በአንድ፣ አንዳንዴ በሁለት «ኤፍ» ይጻፋል።

አስተዳደሩም ተለውጧል። የቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን ለሁለት ተከፍሎ ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ሆኗል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የተመሠረተው በኅዳር 2014 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ስለ በበቃ ወይም ስለ ቴፒ ቡና እርሻ የወጣ ዜና የሚገኘው በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሥር ነው። በአዲሱ ስም ብቻ የፈለገ ተማሪ ስለ አካባቢው ምንም አልተጻፈም ብሎ ሊደመድም ይችላል። መፍትሔው ሁሉንም ስሞች በየተራ ወይም ቋቱ በሚቀበለው የ«ወይም» ትእዛዝ አያይዞ መፈለግ ነው።

የአማርኛ ፊደል

በአማርኛ ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በድምፅ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተር የተለያዩ ናቸው። ሥርዓቱ ካላዛመዳቸው በስተቀር «ምዕራብ» ብሎ የፈለገ «ምእራብ» የሚለውን አያገኝም። ቅጥያም ያስቸግራል፦ «የቡና»፣ «ለቡና» እና «ከቡና» የሚጀምሩት በተለያየ ፊደል ነው፤ የኮከብ ምልክት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ለቃል መጨረሻ ነው።

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በኮምፒዩተር የተጻፉ ጽሑፎች ሶፍትዌሩ ራሱ በወሰነው ኮድ የተቀመጡ በመሆናቸው ካልተለወጡ በፍለጋ አይገኙም። አዲስ ዘመንን የመሰሉ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተሙ ጋዜጦች የቆዩ ቅጂዎች በስካነር ብቻ ከተነሡ ኮምፒዩተሩ የሚያያቸው እንደ ሥዕል ነው።

የቀን አቆጣጠር

የውጭ መረጃ ቋቶች ቀንን የሚያስገቡት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው፦ ኅዳር 2014 ዓ.ም. በ2021፣ መጋቢት 2014 ዓ.ም. ግን በ2022 ላይ ይውላል።

ማጋራት

ከማሰሻው አድራሻ መስመር የተገለበጠ ማገናኛ ብዙ ጊዜ ለዚያ አንድ ጉብኝት ብቻ የሚሠራ በመሆኑ ለሌላ ሰው ሲላክ አይከፈትም። በዚህ ምክንያት ቋቶቹ «ቋሚ ማገናኛ» የሚል አማራጭ ያቀርባሉ። ይህም ቢሆን የሚከፈተው ተቀባዩ የመግቢያ ፈቃድ ካለው ነው። ማገናኛው ቢጠፋ እንኳ ጽሑፉ እንዲገኝ የጸሐፊው ስም፣ ርዕሱ፣ የጋዜጣው ስምና ከነአቆጣጠሩ የተጻፈ ቀን አብረው ይላካሉ።

ሙሉ ጽሑፉን በቴሌግራም ቻናል መለጠፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ከአቅራቢው ጋር የገባውን ውል ሊጥስ ይችላል፤ በኢትዮጵያም የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው።