ከጥልቁ የመመለስ ጥበብ

ገደል የገባ ሰው የሚጎዳው ሲወርድ ነው፡፡ ባሕር የጠለቀን ሰው ግን ሲወጣ የሚጠብቀው ሕመም አለ፡፡ በጥልቁ ግፊት ሳቢያ ከሚተነፍሰው አየር ናይትሮጅኑ በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል፤ ቸኩሎ ከወጣ፣ ክዳኑ በድንገት እንደተነሣ የለስላሳ ጠርሙስ፣ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፡፡ መገጣጠሚያ ያማል፣ እግር ይሽመደመዳል፣ አንዳንዴም ሕይወት ያልፋል፡፡ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል የእኛ ሰው፤ እዚህ ግን የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም፡፡

ዓለም ይህን የተማረው በውድ ዋጋ ነው፡፡ በኒውዮርክ የብሩክሊን ድልድይ ሲሠራ፣ ሠራተኞች ከውኃው ወለል ላይ እንደ ድስት በተደፉ፣ የታመቀ አየር በተሞሉ ግዙፍ የእንጨት ሣጥኖች ውስጥ ይቆፍሩ ነበር፡፡ ብዙዎች ታመሙ፤ የሞቱም አሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1872 ዋናው መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ራሱ በዚሁ ሕመም ወደቀ፡፡ ባለቤቱ ኤሚሊ ትእዛዙን ለግንበኞቹ እያደረሰች ሥራው ቀጠለ፤ ድልድዩም በ1883 ተመረቀ፡፡

የመከላከያውን ስሌት ያገኘው የፊዚዮሎጂ ሊቁ ጆን ስኮት ሃልዴን ነው፡፡ ለብሪታንያ ባሕር ኃይል ሲያጠና ፍየሎችን በብረት ክፍል ውስጥ ለከፍተኛ ግፊት አጋለጠ፡፡ ሕመም የጀመራት ፍየል የፊት እግሯን ታነሣለች፤ ለእርሱም ምልክቱ ያ ነበር፡፡ ግፊትን በአንድ ጊዜ በግማሽ መቀነስ ጉዳት እንደማያመጣ ተገነዘበ፡፡ ከቦይኮትና ከዴማንት ጋር በ1908 ባሳተመው ጥናት፣ ጠላቂው በየእርከኑ እየቆመ የሚወጣበትን ሠንጠረዥ ለዓለም ሰጠ፡፡

ሠንጠረዡ ግን ጠላቂው ጊዜውን ሁሉ በመጨረሻው ጥልቀት ላይ እንዳሳለፈ አድርጎ ይቆጥራል፡፡ ትክክለኛውን ጉዞ እየተከተለ የሚያሰላ አንድ መሣሪያ በ1983፣ ድልድዩ በተመረቀ በመቶኛው ዓመት፣ ለገበያ በቃ፡፡ «ኤጅ» የተባለው ይህ ኮምፒውተር ሰውነትን በ12 ምናባዊ ክፍሎች ከፍሎ፣ እያንዳንዱ ምን ያህል ናይትሮጅን እንደያዘ ያሰላ ነበር፡፡ የዙሪኩ ሐኪም አልበርት ቡልማን ደግሞ 16 ክፍሎች ያሉትን ቀመር ሠራ፤ ዛሬ በጠላቂዎች እጅ ላይ በሚታሰሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለው የእርሱ ስሌት ነው፡፡

ውድ አንባቢ፣ እኔን በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስደንቀኝ የመሣሪያው ብልጠት ብቻ አይደለም፡፡ ኮምፒውተሩ የሚለካው ጥልቀትንና ጊዜን ነው፤ የጠላቂውን ድካም፣ የውኃ ጥሙን፣ የዕድሜውን ጫና አያይም፡፡ ስለዚህ ልምድ ያለው ጥልቅ ጠላቂ ከመውረዱ በፊት የመውጫ ዕቅዱን ያወጣል፤ መሣሪያው ቢበላሽ የሚተካውን ይዞ ይወርዳል፤ ከታዘዘው በላይም ይታገሣል፡፡ መስኮቱ ላይ «6 ሜትር፣ 10 ደቂቃ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ፣ ብርሃኑ ከአናቱ እየታየው ይቆማል፡፡ ያቺን የ10 ደቂቃ ትዕግሥት ያስተማሩት በድልድዩ ሥር የቆፈሩት ሠራተኞችና እግራቸውን ያነሡት ፍየሎች ናቸው፡፡