«ኃላፊው ሥልጠና ላይ ናቸው»

ሪያድ ውስጥ ሙረባዕ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤተ መንግሥት ዛሬ ሙዚየም ነው። ንጉሥ አብዱልአዚዝ ከአሮጌው የከተማ ቅጥር ወጣ ብለው በጭቃ ጡብ ያሠሩት ይህ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1938 ሲጠናቀቅ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የንጉሡ መኖሪያ ብቻ ሳይሆን መንግሥቱ የሚመራበት ግቢም ሆነ። ፎቁ ላይ ንጉሡ እንግዳና ባለጉዳይ ይቀበሉበት የነበረው መጅሊስ አለ። የአንድ ሰው ፈቃድ እንደ ሕግ የሚቆጠርበት ዘመን ስለነበር አሠራሩን ለማሞገስ አላነሣሁትም። ያነሣሁት አቤት ባዩና ወሳኙ ፊት ለፊት ይተያዩ ስለነበር ነው። በዚያው በ1938 ምሥራቅ ዳርቻ ዳማም ላይ ነዳጅ በገፍ ተገኘና አገሪቱ በመጅሊስ ብቻ የምትመራ መሆኗ እያበቃ ሄደ። በ1953 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ታወጀ፤ በ1961 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ የሚሠለጥንበት የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ሪያድ ላይ ተቋቋመ። በዚህ እንኳ አዲስ አበባ ትቀድማለች፤ የእኛው የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት የተመሠረተው በ1952 በተባበሩት መንግሥታት እገዛ ነው። መንግሥት ሲሰፋ በባለጉዳዩና በወሳኙ መካከል ብዙ ጠረጴዛ ይገባል፤ በየጠረጴዛው የሚቀመጠውን ሰው ማሠልጠንም ግድ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም።

ክርክሩ የሚነሣው ሥልጠናው እኛ ዘንድ እንዴት እንዲህ እንደመረረ ሲጠየቅ ነው። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ላለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ቢፒአር፣ ቢኤስሲ፣ ካይዘን፣ የለውጥ ሠራዊት እየተባለ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ተተክቷል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ሐሳቦቹ ባዕድ ናቸው፣ ሠራተኛውም ለውጥ ይፈራል የሚል ነው። እኔ አልቀበለውም። ሥልጠናው የመረረው ለሠራተኛው አዲስ ቃል እየሰጠ የመወሰን ሥልጣኑን ግን እዚያው ከበላይ ኃላፊው ዘንድ ስላስቀረው ነው።

ቢፒአር፣ በአማርኛው «መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ»፣ አሜሪካዊው ማይክል ሐመር በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ የተስፋፋ ሐሳብ ነው፤ የነበረውን አሠራር መጠገን ሳይሆን አፍርሶ ከባዶ መጀመር። ከሐሳቡ አባቶች አንዱ የነበረው ቶማስ ዳቬንፖርት ግን በ1995 አሠራሩ ሰውን የረሳ ፋሽን ሆኗል ብሎ በአደባባይ ጻፈ። ሐመር ራሱም የሰውን ጉዳይ አቅልሎ ማየቱን ኋላ ላይ አምኗል። የአቅም ግንባታ ሚኒስቴር እኛ ዘንድ የተቋቋመው በ2001 ሲሆን ቢፒአር በየመሥሪያ ቤቱ የተዘረጋው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ የተቀበልነው ፈጣሪዎቹ ስሕተቱን ከተናገሩ በኋላ ነበር፤ ስሕተቱም ሳይታረም አብሮ መጣ።

እንዴት እንደተሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ጥቂት ሰዎች ተመርጠው ለወራት ጥናት ይቀመጣሉ፤ መጀመሪያ ያለውን አሠራር የሚገልጸውን «አስ ኢዝ»፣ ቀጥሎ የሚታሰበውን «ቱ ቢ» ይጽፋሉ። ጥናቱ ሲጸድቅ የመምሪያ ኃላፊው «የሥራ ሂደት ባለቤት» ይባላል፣ የሥራ መደቦች እንደ አዲስ ይደለደላሉ፣ ቦታ ያላገኘውም «ተንሳፋፊ» ይሆናል። ዕድሜውን መዝገብ ቤት የፈጀ፣ የትኛው ፋይል የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ በጨለማ የሚያውቅ ሰው ተንሳፋፊ ተባለ። ጥናቱን ሲጽፉ የጠየቀው አልነበረም። ከዚያ በኋላ እርሱ አዳራሽ ገብቶ ስለ ተገልጋይ እርካታ የሚነገረውን በቅን ልብ ይስማ ማለት ይከብዳል።

ቢኤስሲ ይህን በቁጥር አጠናከረው። አሜሪካውያኑ ካፕላንና ኖርተን በ1992 ለኩባንያዎች ያቀረቡት መመዘኛ እኛ ጋ በየሠራተኛው ስም የሚሞላ ቅጽ ሆነ፤ ዕይታ፣ ግብ፣ ክብደት፣ ውጤት፣ ድምሩም ከመቶ። ጥበቃውም ጸሐፊዋም ይሞሉታል። ቀጥሎ የለውጥ ሠራዊትና አንዱ አምስቱን የሚመራበት አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ሲመጡ ቅጹ ከፖለቲካ ግምገማ ጋር ተጣበቀ። በየግምገማው ጉዳይ ለምን ዘገየ ሲባል መልሱ የአመለካከት፣ የክህሎትና የግብዓት ችግር ነበር። ከሦስቱ የሚቀድመው አመለካከት መሆኑን ልብ ይሏል። ወረቀት አልቆ፣ መብራት ጠፍቶ፣ የሚፈርመው ኃላፊ አዳማ ሥልጠና ሄዶ እያለ ጥፋቱ ሠራተኛው ልብ ውስጥ ይፈለጋል። ቃሉን አልወደድኩትም ያለ ሰው ኪራይ ሰብሳቢ የመባል ዕዳ ስላለበት ሁሉም ቃሉን በቃሉ ያዘ።

ሠራተኛው ለውሎ አበሉ ሲል ሥልጠናውን ይወደው የለም ወይ የሚል ይኖራል። አዎ፣ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ጥቂት ቀን ማደር ደመወዙ ወር ለማያደርሰው ቤት ድጎማ ነው። ይህ ግን የሚያሳየው ደመወዙ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ነው እንጂ ሥልጠናው መፈለጉን አይደለም። ዋጋውን የሚከፍለው ከገጠር በአውቶቡስ መጥቶ «ኃላፊው ሥልጠና ላይ ናቸው» ተብሎ የሚመለሰው ባለጉዳይ ነው። ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ቢፒአር የንግድ ፈቃድንና የሰነድ ማረጋገጥን የመሰሉ አገልግሎቶችን አሳጥሯል። እውነት ነው፣ ሊካድም አይገባም። ነገር ግን ያጠሩት ፊርማ ስለተቀነሰና መስኮት ላይ የተቀመጠው ሰው መጨረስ ስለተፈቀደለት ነው። ለእኔ ይህ የክርክሬ ማስረጃ ነው።

ካይዘንም፣ በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ ማሻሻል የሚለው የጃፓን አሠራር፣ ይህንኑ ይመሰክራል። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓኖች ቱኒዚያ ውስጥ የሠሩትን አይተው እኛም ዘንድ እንዲሞከር ጠየቁ፤ ከ2009 ጀምሮ በ30 ፋብሪካዎች ተሞከረ፤ በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የፋብሪካ ሠራተኛ መፍቻው የሚንጠለጠልበትን፣ ጥሬ ዕቃው የሚከመርበትን ራሱ ያንቀሳቅሳል፤ በማግስቱም የቆጠበውን ጊዜ ያያል። ያው ሥልጠና ወደ ቢሮ ሲገባ ፋይልና ቁም ሣጥን ላይ ስም ተለጠፈ። ባለጉዳዩን የሚያመላልሰው ፊርማ ግን የሚገኘው ከሠልጣኙ ጠረጴዛ በላይ ስለሆነ ማንም አልነካውም።

ዛሬ ሪያድም በአማካሪ ኩባንያዎችና በራእይ 2030 መለኪያዎች ተሞልታለች፤ በ2023 ይፋ የሆነው ግዙፍ የግንባታ ዕቅድም የሙረባዕን ስም ወስዷል። የእነርሱ ገንዘብ ብዙ ነው፣ ቢባክንም ይቋቋመው ይሆናል። የእኛ በጀት ግን እንዲህ ያለውን ብክነት አይችልም። የሚቀጥለውን ሥልጠና የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት አዳራሽ ከመከራየቱ በፊት ሠልጣኙ ሲመለስ የትኛውን ፊርማ በራሱ እንዲያስቀር እንደሚፈቀድለት በደብዳቤ ይጻፍለት። የሚጻፍ ከሌለ የአዳራሹ ኪራይ ለመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ይግዛበት።