ከሥራ የተመለሰችው እናት ክስ

በ1966 እ.ኤ.አ. አይዳ ፊሊፕስ የተባለች እናት በአሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ማርቲን ማሪዬታ በተባለ ድርጅት ለመቀጠር አመለከተች። ትምህርት ቤት ያልደረሰ ልጅ ያላት ሴት አትቀጠርም ተብላ ተመለሰች። ሕፃናት ያሏቸው አባቶች ግን ይቀጠሩ ነበር። ከሰሰች።

የሥር ፍርድ ቤቱ፣ ለዚያ ሥራ ከተቀጠሩት ከ75 እስከ 80 በመቶው ሴቶች ስለሆኑ አድልዎ የለም አለ። የሒሳብ ሰው ነኝና ድምሩ ልክ ሆኖ ውስጡ ስንት ጉድ እንደሚደበቅ አውቃለሁ። ይግባኝም ብላ አልተሳካላትም።

በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ለእናትና ለአባት ሁለት ዓይነት መመዘኛ አይፈቅድም ብሎ ውሳኔውን ሻረ፤ ድርጅቱ ከሥራው ጋር የተያያዘ ምክንያት ካለው በማስረጃ እንዲታይ መዝገቡን መለሰው።

እኔም ለሒሳብ ሠራተኝነት ስፈተን ከዲፕሎማዬ በፊት የተጠየቅሁት «ልጁን ማን ይይዝልሻል?» ተብዬ ነበር። ባለቤቴን ሲቀጠር ማንም ይህን አልጠየቀውም።