ካርታ ያስከበረው፣ አጥር ያስረሳው የጣና ዳርቻ

ባሕር ዳር በቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር ዙሪያ የተሰባሰበች ትንሽ መንደር ሳለች፣ ውኃ ቀጂውም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ ወደ ደሴት ገዳማት የሚሻገረው መነኩሴም ወደ ጣና የሚወርዱት ማንንም ሳያስፈቅዱ ነበር። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቁሞ፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ መንደሪቱ ከተማ ለመሆን በተነሣች ጊዜ፣ በጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የሚመሩ ሊቃውንት ፕላን አወጡላት። መንገደኛ ሁሉ የሚያደንቃቸው ባለ ዘንባባ ሰፋፊ ጎዳናዎች የዚያ ዘመን ሐሳብ ፍሬዎች ናቸው፤ የሐይቁ ዳር አረንጓዴ ሆኖ ለሕዝብ መናፈሻ እንዲቆይ መታሰቡ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጎዳናዎቹ ይልቅ የሚያስመሰግን ነበር።

ሆኖም ጎዳናውን እግረኛ ሲመላለስበት ይጠብቀዋል፤ መግቢያ ያልተበጀለት የዳርቻ መሬት ግን ከካርታ በቀር ምስክር ስለሌለው፣ የሆቴሉም፣ የመሥሪያ ቤቱም፣ የመዝናኛውም ግቢ ከሁለት ወገን እየገፋው፣ ከውኃው አጠገብ ተወልዶ ያደገው ሰው ጣናን በአጥር ቀዳዳ የሚያይ ወይም ለማየት ሲል ሻይ የሚያዝ ሆነ።

ጉዳቱ የመናፈስ ብቻ አይደለም። የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ በነዶ በነዶ አጥብቀው የሚያስሩት ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ከሥራ በኋላ ወደ የብስ ተጎትቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ ስለዚህ ዳርቻው ለእነርሱ ወደብም የሥራ ቤትም ነው። ዳርቻው በታጠረ መጠን የአባቶች ጥበብ ማረፊያ ያጣል።

በአንጻሩ የአብያተ ክርስቲያናቱ ዐፀድ፣ ፕላን ሳይወጣለት፣ ለዘመናት ዛፉ ሳይቆረጥ ኖሯል፤ ታቦቱ የሚፈራ፣ በዓሉ የሚከበር፣ ምእመኑም የሚመላለስ ስለሆነ። እርግጥ ነው፣ እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት ገዳማት ሴቶችን አያስገቡም፤ ነገር ግን ያ ሥርዓት በግልጽ የታወቀ እንጂ በስውር የተዘረጋ አጥር አይደለም።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል፤ በቅርብ ዓመታትም ከዳርቻው ከፊሉ ለእግረኛ ተከፍቷል። የከተማይቱ ሹማምንት ይህን ጅምር አጥብቀው ይያዙት፤ የቀረውም የሕዝብ ዳርቻ ወሰኑ በድንጋይ ይተከልለት፣ ከየሰፈሩም ወደ ውኃው የሚያወርድ መንገድ ይበጅለት።