«የቱን ኦሞ ልስጥህ?»

ሱቅ ሄዳችሁ «ኦሞ ስጠኝ» ስትሉ ባለሱቁ «የቱን ኦሞ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ለእኛ ተራ ጥያቄ ነው፤ ለስሙ ባለቤት ግን ቅዠት ነው። ኦሞ (ወንዙን ማለቴ አይደለም) የዩኒሊቨር የንግድ ስም ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ የዱቄት ሳሙና ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ።

ኮልጌትም እንደዚያው ነው። «ኮልጌት አለ?» ብሎ ገብቶ የሌላ ፋብሪካ የጥርስ ሳሙና ይዞ የሚወጣ ሰው ተታለልኩ አይልም። ሞዴስ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ምርት ነበር። ቡታጋዝ የፈረንሳይ የጋዝ ኩባንያ ስም ነው፤ እኛ ግን በነጭ ጋዝ የሚሠራውንም ምድጃ ቡታጋዝ ብለነው አረፍን።

የሚገርመው ግን የፔርሙዝ ታሪክ ነው። ስኮትላንዳዊው ሳይንቲስት ጄምስ ዴዋር በ1892 እ.ኤ.አ. በጣም የቀዘቀዙ ጋዞችን የሚያቆይበት ዕቃ ፈለገ። ድርብ ግድግዳ ያለው ጠርሙስ አሠርቶ በግድግዳዎቹ መሃል ያለውን አየር አስወጣ። አየር ከሌለ ሙቀት የሚሻገርበት መንገድ ይጠባል። ሰውዬው ያሰበው ለቤተ ሙከራው እንጂ ለሻይ አልነበረም፤ የፈጠራ መብቱንም አላስመዘገበም። ጀርመናዊው የመስታወት ባለሙያ ራይንሆልድ በርገር ለቤት እንዲመች አድርጎ በራሱ ስም አስመዘገበው። በ1904 እ.ኤ.አ. ሙቀት ከሚለው የግሪክ ቃል ተወስዶ «ቴርሞስ» የሚል ስም ወጣለት። ዴዋር ቢከራከርም አልተሳካለትም።

ተራው ግን ለኩባንያውም ደረሰው። ሰው ሁሉ የማንንም ፋብሪካ ዕቃ ቴርሞስ ማለት ጀመረ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ቃሉ የሕዝብ ሆኗል ብሎ ፈረደ። ፈልሳፊው ዕቃውን አጣ፣ ኩባንያው ስሙን አጣ። እኛ ደግሞ ፔርሙዝ ብለን፣ ሻይ ሞልተን ለቅሶ ቤት ይዘነው እንሄዳለን።

ከሁሉም ልብ የሚነካኝ ግን የራሳችን ሃይላንድ ነው። የታሸገ ውሃ በአገራችን ብርቅ በነበረበት ጊዜ ቀድሞ ስሙን የተከለው እሱ ነው። ዛሬ የውሃው ዓይነት ለቁጥር ያታክታል፤ ባዶው ፕላስቲክ ግን ከየትኛውም ፋብሪካ ቢወጣ «ሃይላንድ» ነው። ወደ ክፍለ ሀገር የተጓዘ ሰው ያውቀዋል፦ ልጆች ከመኪናው ጎን እየሮጡ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይላሉ። የሚለምኑት ውሃውን አይደለም፣ ባዶውን ነው። ትምህርት ቤት ውሃ ይይዙበታል፤ እናት ዘይት ታስቀምጥበታለች፤ ነጭ ጋዝም አረቄም ይቀዳበታል። እኛ ጠጥተን የምንወረውረው ለእነሱ የቤት ዕቃ ነው።

እስቲ አስቡት፦ ኩባንያዎች ስማቸው እንዳይረሳ ለማስታወቂያና ለመፈክር ስንት ገንዘብ ያፈሳሉ! የሃይላንድን ስም በየገጠሩ ያቆየው ግን ውሃውን ገዝቶ የመጠጣት አቅም ያልነበረው ልጅ ነው። ለዚህ ማንም አልከፈለውም።

ነገሩ ሌላም ገጽታ አለው። እዚሁ አገር ዱቄት ሳሙና የሚያመርት ፋብሪካ በካርቶኑ ላይ የፈለገውን ስም ቢጽፍ፣ ሱቅ ሲደርስ «ያኛው ኦሞ» ነው የሚባለው። ሠራተኛው የሚደክምበት ዕቃ በሰው ስም ይጠራል። ቀድሞ የመጣ ስሙን ይተክላል፤ ዘግይቶ የመጣ በጥራትም በዋጋም ቢበልጥ በቀዳሚው ስም ይሸጣል።

አምቦ ግን ጎበዝ ነው። ጋዝ ያለውን ውሃ ሁሉ አምቦ ብንለውም ስሙ መጀመሪያውኑ የከተማ ነው። የማንም ፍርድ ቤት አይነጥቀውም።

በእናንተ ሰፈርስ ባለቤቱ የጠፋበት የዕቃ ስም የትኛው ነው? እስቲ ጻፉልን።