ህንዱ ጴጥሮስ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ወሬዬ ስለ አንድ ሰው ነው፤ መዝገቡ ግን ሁለት ሦስት ሰው ያስመስለዋል። አንዱ ጋ «ፔትሩስ ኢትዮጵስ» ነው። ሌላው ጋ «ፒየትሮ ኢንዲያኖ»፣ ማለትም ህንዱ ጴጥሮስ። በአገሩ ግን አባ ተስፋ ጽዮን ነበር፤ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ።

ህንድን ምን አመጣት? አትፍረዱ፤ ያን ጊዜ ፈረንጅ ከግብጽ ወዲያ ያለውን አገር ሁሉ ህንድ ነበር የሚለው። «ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ» የሚለውን ተረታዊ ክርስቲያን ንጉሥ ሲፈልግ እንኳ «ህንድ» እያለ ነው የፈለገን። ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ የእኛ መነኮሳት የሚያርፉበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንም «የሙሮች» ይባል ነበር። ሰዎቹ ሐበሾች፣ ቤታቸው የሙሮች፣ አለቃቸው ህንድ!

ቋንቋችንም አልተረፈም። በ1513 (እንደ አውሮፓውያን ነው የምቆጥረው) ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ሰው እዚያው ሮም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። ያስተማረው ከኢየሩሳሌም የመጣው ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ነው፤ የእኛው ሰው። ታዲያ ፖትከን ቋንቋውን ምን ብሎ ጻፈው? ከለዳዊ! ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ስሙ ከባቢሎን መጣ።

ወደ አባ ተስፋ ጽዮን እንመለስ። አገሩ በግራኝ አህመድ ጦርነት ስትነድ፣ እሱ በኢየሩሳሌም በኩል ዞሮ ሮም ገባ። ከዚያ ከተንሥአ ወልድና ከዘሥላሴ ጋር ሆኖ ሐዲስ ኪዳንን በ1548 እና በ1549 በግእዝ አሳተመ። ሥራው ቀላል አልነበረም። በእጃቸው ያለው የሐዋርያት ሥራ ጎዶሎ ሆነባቸው፤ የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ እየመለሱ ሞሉት፤ መሙላታቸውንም አልደበቁም። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሊቅ ዛሬም አይበዛም።

የላቲኑ ርእስ ገጽ «ወንድም ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ» አለው። አገሩን ቢያስታውስለትም ስሙን አስቀረበት። በላቲን መዝገብ የፈለገው ሰው የሚያገኘው ጴጥሮስን ነው፤ ተስፋ ጽዮንን የሚፈልግ ደግሞ ባዶ እጁን ይመለሳል። አንዱ ሰው ለሁለት ተከፈለና ግማሹ ጠፋ።

እሱ ግን ለአንባቢው በግእዝ በጻፈው ማስታወሻ ላይ ስሙን እንዳለ አስቀመጠው፤ ተስፋ ጽዮን። እዚያው ላይ ስለ ስሕተቶቹ ይቅርታ ይጠይቃል፤ አታሚዎቹ ግእዝ ማንበብ አይችሉም፣ እኛም ማተም አናውቅም ይላል። እንግዲህ ቋንቋ የሚያውቀው ሮም ሁሉ ህንዱ ጴጥሮስ ሲለው፣ ስሙን በትክክል የለቀሙለት አንዲት ፊደሉን እንኳ ማንበብ የማይችሉ አታሚዎች ናቸው።