አጥርና ምድጃ፦ ስለ እንጦጦ ዳገት የመኖሪያ አጥሮች



የአዲስ አበባን ታሪክ ስናስተምር የምንነሣው ከቤተ መንግሥቱ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱና ከገበያው ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ አጥር ነው፤ ያውም በብርዳማ ዳገት ላይ ስለ ተተከለ የመኖሪያ ቤት አጥር። ርእሱ ያነሰባችሁ ብትኖሩ አልፈርድም፤ እኔም ብዙ ዓመት ሳላስተውለው አልፌዋለሁ። ይሁን እንጂ የጽሑፍ ማስረጃ በሳሳበት ስፍራ አጥር ራሱ ሰነድ ነው። ሰው በያዘው መሬት ላይ ምን ያህል ዘመን እቆያለሁ ብሎ እንዳሰበ ከአጥሩ ይነበባል። ዘመናቱን የምጠቅሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ የሰፈሩበት እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ፣ ለጥበቃ የተመቸ፣ ለኑሮ ግን የከበደ ተራራ ነው። ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በ1882 ዓ.ም. በዚያው በእንጦጦ ማርያም ነበር። የመጀመሪያዎቹ አጥሮች የጦር ሰፈር አጥሮች ናቸው፦ እሾህ፣ ጭራሮ፣ በልጥ የታሰረ እንጨት። ነገ ሊነሣ የሚችል ሰው የሚያጥረው አጥር ነው።

ብርዱ በአጥር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንደምንገምተው አይደለም። ክረምቱ በሚበረታባቸው የሰሜን አገሮች ምድሩ ራሱ ይረጋል፤ የረጋው አፈር እያበጠ ቋሚውን ከጉድጓዱ ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ በዚያ አጥር የሚተክል ሰው ቅዝቃዜው የሚደርስበትን ጥልቀት አልፎ ይቆፍራል። የእንጦጦ ውርጭ ግን የሣሩን ጫፍ አንጥቶ ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል፤ ቋሚ አይነቅልም። እንዲያውም ደጋው ለእንጨት አንድ ውለታ ይውላል፤ ቆላ ላይ ቋሚውን ከሥሩ የሚበላው ምስጥ በዚያ ከፍታ እምብዛም ነው። ጉዳቱ የሚመጣው በምድጃው በኩል ነው። በብርድ አገር ቤት ሌሊትም ቀንም እሳት ይፈልጋል፤ አጥሩም እንጨት ይፈልጋል፤ ሁለቱም የሚለምኑት ያንኑ ዛፍ ነው። ቀጋን የመሰለ ሕያው አጥር ቢተከል እንኳ በቅዝቃዜው እድገቱ ይዘገያል፤ ቤተሰቡ ግን የዛሬን ማታ መሞቅ አለበት።

በዚህ ፉክክር የእንጦጦ ጥድና ወይራ ተመናመነ፤ የተረፈው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ያለው ነው። (ቅጥሩ ዛፉን ጠበቀው ማለት ነው፤ ከቅጥሩ ውጭ ግን ዛፉ ቅጥር ሆኖ አለቀ።) ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ከተማይቱ አመሠራረት በጻፋቸው ሥራዎች የእንጨቱን እጥረት ከዋና ዋና ችግሮቿ መካከል ይቆጥረዋል። ሕዝቡ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ወደ ተባለው ወደ ፍልውሃ አካባቢ ቢወርድም እጥረቱ ተከተለው፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መነሣት ደረሰ።

ባሕር ዛፍ የመጣው በዚያው ዘመን አካባቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አምጪም ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ለማገዶ ያደረገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ በአጥር ላይ ያመጣው ለውጥ ግን ብዙ አልተጻፈበትም። ከብት ቅጠሉን ስለማይበላ ችግኙ ራሱ አጥር አያሻውም። ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ቀጥ ያለ አጣና ይሰጣል። ዳገተኛው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድጃው ሳይቀንስ ማጠር የቻለው በእርሱ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የከተማ መሬት በግል የሚያዝበት ደንብ ሲወጣ አጥር ጅብና ሌባ ከመከልከል አልፎ የወሰን ምስክር ሆነ። ከባሕር ዛፉ በኋላ ደንቡ ባይመጣ ኖሮ ወሰኑን በምን ያጥሩት ነበር?

በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ቆርቆሮ እየበዛ ሄደ። ከጣሪያ የወረደው አሮጌው ቆርቆሮም አጥር ሆነ። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የዳገቱ ነገር የሚገለጠው እዚህ ነውና። የአጣና አጥር ዳገቱን ተከትሎ ይወጣል። ቋሚው በቱንቢ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ማገሩ እንደ መሬቱ ያዘነብላል፣ የክረምቱ ጎርፍ በአጣናው መካከል ሾልኮ ያልፋል። ቆርቆሮ ግን አራት ማዕዘን ነው፤ ከነቅርጹ በዳገት ላይ ሲቆም እንደ ደረጃ ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ ከእያንዳንዱ ደረጃ ሥር ሦስት ማዕዘን ክፍተት ይቀራል። ባለቤቱ ዶሮና ውሻ እንዳይገባ ክፍተቱን በድንጋይና በአፈር ይደፍነዋል። አጥሩ ሳይታሰብ ግድብ ይሆናል። የግንብ አጥር ሲመጣ ነገሩ ባሰ፤ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል፣ ያንን የጠጣ አፈር ደግሞ ግንቡን ከኋላው ይገፋዋል። ግንበኞች ለውሃ መውጫ ቀዳዳ ይተዋሉ፤ የታችኛው ጎረቤት የሚደፍነው እርሱን ነው፤ የላይኛው ውሃ ወደ ጓሮው ስለሚወርድበት። ያልተደፈነው ጓሮውን ያጥባል፣ የተደፈነው ደግሞ ግንቡን በላዩ ላይ ይጥላል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ ሌላ ጥያቄ ተፈጠረ፤ የበሰበሰውን ቋሚ የሚተካው ማን ነው? ነገ የእኔ ለመሆኑ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ቦታ በድንጋይ አላጥርም። በብዙ የቀበሌ ቤቶች ዙሪያ ዛሬም አጣናና አሮጌ ቆርቆሮ ተደጋግፈው የሚታዩት በድህነት ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም፤ የባለቤትነቱ ጥርጣሬም አብሮ ይታያል።

ለዚህ ሁሉ የሚበቃ መዝገብ የለንም። ከተማይቱ እየፈረሰች በምትሠራበት በዚህ ጊዜ አጥሮቹም ሳይመዘገቡ ይሄዳሉ። ስለዚህ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቼን ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ይዣቸው ልወጣ አስቤአለሁ፤ የምንመዘግበው የቋሚውን ዓይነት፣ የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የውሃ መውጫውን ቀዳዳና ማን እንደ ደፈነው ነው። ሜትርና ካፖርት ያዙ፤ ጠዋት ላይ ይበርዳል።